ሽልማቱ ከመሰጠቱ በፊት ሥልጠናው ይቅደም

በጁገል ውስጥ ገብቶ የሚገበያይ ሁሉ ፈረስ መጋላ የተባለውን አደባባይ ያውቀዋል። መጋላ ማለት ገበያ ማለት ስለሆነ፣ የቦታው ስም ሲፈታ የፈረስ ገበያ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በዚያ ስፍራ ባጃጅና ታክሲ መንገደኛ ሲጠብቅ ይታያል እንጂ፣ ፈረስ ለሽያጭ ቀርቦ አይታይም። ከዚያው እልፍ ብሎ የሚገኘው ማኪና ግርግር ግን ስሙን ያገኘበት የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ሳይለየው፣ ልብስ ሰፊዎቹ በየደጃፉ ተቀምጠው ሥራቸውን ይሠራሉ። አንዱ ስፍራ ስሙንም ግብሩንም ይዞ ሲኖር፣ ሁለተኛው ግብሩ ሄዶ ስሙ ብቻ ቀርቶታል። ለነጋዴ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሙያው ወራሽ ያገኘ ገበያ ይኖራል፤ ሙያው ወራሽ ያጣ ገበያ ግን ስሙ በድንጋይ ላይ ቢቀረጽም አይኖርም።

የፈረስ ገበያው የቀረበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ በደረሰ ጊዜ፣ ከዘይላ ወደ ሐረር በግመልና በበቅሎ ይመጣ የነበረው ዕቃ መንገዱን ለወጠ፤ ከዚያም በኋላ አውቶሞቢልና የጭነት መኪና ተከተሉ። ይህ የዘመን ሥራ ስለሆነ የሚያስቈጭ አይደለም፤ ቡናውን በመኪና መላኩን ትቶ በጋማ ከብት ልጫን የሚል አስተዋይ ነጋዴ አይገኝም። ነገር ግን ገበያ ሲሄድ ዕቃው ብቻ አይሄድም፤ አብሮት የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ይኸውም የፈረሱን ጥርስ አይቶ ዕድሜውን፣ ኮቴውን አንሥቶ ጤናውን የሚለይ ዐይን ነው፤ እንዲሁም ወጣቱን ለአደባባይ የሚያበቃ አሠልጣኝ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንናገር የፈለግነው ስለዚሁ አሠልጣኝ ነው። በአገራችን የፈረስ ትርዒትና ውድድር በሚደረግበት ጊዜ ነጋዴው እርዳታ እንዲያደርግ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ ለዕለቱ ድንኳን፣ ለሰንደቅ፣ ለድግስና ለአሸናፊው ሽልማት ይውላል። እኛ የምንለው ግን፣ ነጋዴው ከሚያወጣው ገንዘብ የመጀመሪያውና ትልቁ ክፍል ትርዒቱ ሊደርስ ሦስት ወር ሲቀረው ለፈረሰኛው ሥልጠናና ለፈረሱ ዝግጅት መዋል አለበት ነው። ምክንያቱንም ከዚህ በታች እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ሐረር ለፈረስ ክብር እንግዳ አገር አለመሆኗን ማስታወስ ይገባል። ከ1879 እስከ 1898 ዓ.ም. ሐረርን ያስተዳደሩት ራስ መኰንን በፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ቃኘው ተብሎ የተሰየመውም በዚሁ ስም ነው። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለው መጠራታቸውም የታወቀ ነው። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጀግናውን በፈረሱ ስም አባ እገሌ ብሎ መጥራት የቆየ ባህል ነው። የሰው ስም ከፈረሱ ስም ጋር እንዲህ ከተሳሰረ፣ ፈረሱ ምን ያህል እንደ ተከበረ ለማስረዳት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ሆኖም ከዚህ ሁሉ ታላቅ ስም በስተኋላ ስሙ ያልተጻፈ ባለሙያ ነበረ። በቤተ መንግሥት ባልደራስ የተባለ ሹም ተሾሞ የፈረሱን ቀለብ፣ ጤናና ግራት ይቈጣጠር ነበር። ጌታው በአደባባይ ሲታይ የሚመሰገነው ጌታው ቢሆንም፣ ምስጋናው የተሠራው ግን በጋጣው ውስጥ ነበር።

በዘመናችን ደግሞ ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የአዊ ሕዝብ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ ድረስ ከ80 ዓመት በላይ ኖሯል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ በሆነው ዕለት፣ በእንጅባራ ከተማ ፈረሰኞቹ ፈረሶቻቸውን ሸልመው ይወጣሉ፤ ግልቢያና ጉግስም ያሳያሉ። በዓሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተደረገው የዐድዋ ጦርነትና ከዚያም በኋላ ጣልያንን በመቋቋም በተደረገው ትግል ፈረስ የሰጠውን አገልግሎት ያስታውሳል። እዚህ ላይ ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር፣ ይህ ትርዒት የቆመው ለአንድ ቀን በተቋቋመ ኮሚቴ ሳይሆን በማኅበር መሆኑ ነው። ማኅበር ሲኖር ሽማግሌው ለወጣቱ ያስተምራል፤ ወጣቱም ለሽማግሌው ያፍራል፤ ፈረሱም ከበዓል እስከ በዓል ባለቤት ያገኛል። በአንድ ቀን ሽልማት ብቻ የቆመ ትርዒት ግን ሽልማት ሰጪው በታጣበት ዓመት ይቀራል።

ከዚህ ቀጥሎ መታየት ያለበት፣ በፈረስ ትርዒት ላይ ዳኛው የሚመዝነው ምኑን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። አባቶቻችን ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ብለዋል። ይህን አባባል በትርዒት ሜዳ ላይ ብንተረጕመው፣ ፈረሱ ምንም ያህል ቢያምር የሚመዘነው ሰውዬው ነው ማለት ይሆናል። በአሜሪካ አገር ፎር ኤች በተባለው የወጣቶች ድርጅትና በሌሎችም የፈረስ ማኅበራት ውስጥ፣ ይህንኑ አሳብ መሠረቱ ያደረገ የውድድር ዓይነት አለ። ተወዳዳሪው በፈረሱ ላይ አይቀመጥም፤ በእግሩ ቆሞ ፈረሱን በልኮ እየሳበ ለዳኛው ያሳያል። ያራምደዋል፤ በሶምሶማ ያስኬደዋል፤ ያቆመዋል፤ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ በቆመበት ያዞረዋል። የፈረሱ የዘር ሐረግና የአካሉ ቅርጽ ነጥብ አይሰጠውም። ነጥብ የሚሰጠው ለቆዳው ንጽሕና፣ ለጋማውና ለጭራው አያያዝ፣ ለኮቴው ደኅንነት፣ እንዲሁም ሰውዬው በምን ያህል እርጋታ እንደሚመራው ነው። በዚህ ምክንያት የድኃ ልጅ በተራ ፈረስ ቀርቦ፣ ውድ ፈረስ ይዞ የመጣውን ባለጸጋ ሊያሸንፍ ይችላል።

በዚህ ውድድር ውስጥ ያለው አንድ ሕግ በተለይ ሊጠቀስ ይገባዋል። ዳኛው በፈረሱ ፊት በኩል ሲቆም፣ አሳዪው ከዳኛው ተቃራኒ በሆነው ጎን ይቆማል፤ እንዲህ ሲሆን የዳኛውን ዕይታ አይጋርድም። ዳኛው ከትከሻው አልፎ ወደ ፈረሱ ኋላ በሄደ ጊዜ ግን፣ አሳዪው ዳኛው ወዳለበት ጎን ይሻገራል። ላዩን ለሚያይ ሰው ይህ ከንቱ ሥርዐት ይመስላል፤ ነገር ግን ምክንያት አለው። ፈረሱ ቢደነግጥ አሳዪው ጭንቅላቱን ወደ ራሱ ይስባል፤ ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን ሲሳብ የኋላው አካል ወደ ሌላው ጎን ስለሚሄድ፣ የሚራገጠው እግር ከዳኛው ይርቃል። እንግዲህ ሕጉ በአንድ በኩል ትሕትና፣ በሌላ በኩል የሰው ሕይወት መጠበቂያ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ወጣቱ በበዓሉ ዕለት በድንገት ሊያገኘው አይችልም፤ አሠልጣኝ ደጋግሞ ሊያስተምረው ይገባል።

ይህ የባዕድ ሥርዐት በእኛ ጉግስ ፋንታ ይተካ አንልም። ጉግስ በሁለት ወገን የሚሰለፉ ፈረሰኞች እየተሳደዱ ዘንግ የሚወራወሩበት፣ የሚሸሸውም በጋሻው የሚመክትበት የጀግንነት ጨዋታ ነው። እኛ የምንለው፣ ከጉግሱ በፊት ፈረሰኞቹ ሁሉ ፈረሶቻቸውን በእጃቸው እየመሩ በዳኞች ፊት ይለፉ፤ ይህም ማለፍ ነጥብ ይኑረው ነው። የቆሰለ ጀርባ፣ የተሰነጠቀ ኮቴ፣ በልጓም የደማ አፍ ያለው ፈረስ በዚያው ተለይቶ ይመለስ። በጉግስ ሜዳ ላይ ለሚደርሰው አደጋ አንዱ ምክንያት ያልተዘጋጀ ፈረስና ያልተዘጋጀ ፈረሰኛ መገናኘታቸው ነውና።

ስለ ፈረሰኛው ሥልጠና ስንናገር፣ ትምህርቱ ከፍጥነት ሳይሆን ከመቀመጥ ይጀምራል። ወጣቱ በመጀመሪያ ያለ ዘንግና ያለ ጋሻ፣ በእርምጃ ብቻ፣ ሚዛኑን በዛብ ላይ ሳይንጠለጠል መጠበቅን ይማር። ቀጥሎ በሶምሶማ፣ ከዚያም በኋላ በግልቢያ ይሞከር። ዘንግ የሚይዘው አንድ እጁን ለፈረሱ፣ ሌላውን ለጨዋታው ማዋል ከቻለ በኋላ ነው። በእርካቡ ላይ እግሩን እስከ ተረከዙ ድረስ ማስገባት ሲወድቅ እንዲጎተት የሚያደርግ መሆኑን፣ በአንበሳ ጎፈሩ ሥር የራስ መከላከያ ቁር ማድረግም ነውር አለመሆኑን አሠልጣኙ ያስረዳው። ከሁሉም በላይ ፈረሱን በቁጣ አለመቅጣትን ይማር። ከ2,300 ዓመት በፊት ስለ ፈረስ ግልቢያ መጽሐፍ የጻፈው የግሪኩ የጦር መኰንን ዘኖፎንም ፈረስ በትዕግሥትና በየዋህነት እንጂ በቁጣ እንደማይገራ አስተምሮ ነበር። ዛሬም ከዚህ የተለየ ዘዴ አልተገኘም።

የፈረሱ ዝግጅት ቢያንስ 12 ሳምንት ቢሰጠው መልካም ነው። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት እርምጃና ቀላል ሶምሶማ ይበቃዋል። በሚቀጥሉት 4 ሳምንታት ዳገት ይውጣ፤ ለዚህም የሐኪም ጋራ ዳገት ከከተማው አጠገብ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ትምህርት ቤት ነው። ፈረስ በእርጋታ ዳገት ሲወጣ የኋላ እግሩና የጀርባው ጡንቻ ይጠነክራል፤ ቁልቁለቱን ግን በዝግታ መውረድ አለበት፤ አለዚያ የፊት እግሩ ይጎዳል። በመጨረሻዎቹ 4 ሳምንታት አጭር ግልቢያ ይጨመርለት፤ ከበሮውን፣ እልልታውን፣ የሚውለበለበውን ጨርቅና የሕዝቡንም ግፊያ ይለማመድ። በበዓሉ ዕለት የሚደነግጠው ፈረስ ብዙውን ጊዜ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ያላየውን ነገር በአንድ ቀን ስላየ ነው።

ፈረሱ መጠንከሩንም በግምት ሳይሆን በቍጥር ማወቅ ይቻላል። ያረፈና ጤነኛ የሆነ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ያህል ይመታል። አሠልጣኙ ከመንጋጋው ሥር ባለው የደም ሥር ላይ ጣቱን አሳርፎ ከግልቢያ በፊትና በኋላ ቢቈጥር፣ የልቡ ምት ወደ ቦታው ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ከሳምንት ወደ ሳምንት ሲያጥር ፈረሱ እየበረታ ለመሆኑ ማስረጃ ይሆነዋል። ነጋዴ የዕለቱን ገቢና ወጪ በመዝገብ እንደሚጽፍ ሁሉ፣ አሠልጣኝም ይህን በደብተር ይጻፍ።

ስለ ቀለቡም መናገር ያስፈልጋል። የፈረስ ጨጓራ ከአካሉ ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ስለሆነ፣ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ቶሎ ቶሎ መሰጠት አለበት፤ መሠረቱም ሣርና ድርቆሽ ነው። በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይበርታ ተብሎ ገብስ በብዛት ቢሰጠው፣ ብርታት ሳይሆን የሆድ ቁርጠትና የኮቴ ውስጥ ብግነት ያመጣበታል፤ ሁለቱም ሊገድሉት ይችላሉ። ኮቴው በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይከርከም። በትናንሽ ተናካሽ ነፍሳት የሚተላለፈው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚበረታው በዝናም ወራትና ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ክትባቱ አስቀድሞ ይሰጥ። ክትባቱም በአገራችን በቢሾፍቱ ከተማ የሚመረት ነው፤ ከውጭ እስኪመጣ ድረስ ቆይቷል የሚል ምክንያት አይኖርም።

ኮርቻውም እንዲሁ ነው። በጋማው መጨረሻ ላይ ከፍ ብሎ በሚታየው አጥንትና በኮርቻው መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከሌለ፣ ጀርባው መቁሰሉ አይቀርም። ግላሱ በወርቀ ዘቦ ቢያጌጥም ከሥሩ ያለው ቁስል አይደበቅም። በዚህ ጉዳይ የቆዳ ሠራተኛውና ልብስ ሰፊው ከአሠልጣኙ ጋር ተቀምጠው ቢመካከሩ፣ ፈረሱም ይድናል፣ ሥራውም ገዢ ያገኛል።

እንግዲህ ሽልማት የሚሰጠው ቀድሞ ለገባው ብቻ ሲሆን ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። ፈረሰኛው በሚሸለምበት ነገር ላይ ይተጋል፤ በማይሸለምበት ነገር ላይ አይተጋም። ስለዚህ በመጨረሻዋ ሳምንት ፈረሱን ያስጨንቃል፤ ጨካኝ ልጓም ያጎርሰዋል፤ ቁስሉን በጌጥ ይሸፍናል። ይህ የሰውየው ክፋት ብቻ አይደለም፤ ሽልማቱን የወሰነው ሰውም ድርሻ አለበት። የቡና ነጋዴ ለክብደት ብቻ ከፍሎ ለጥራት ባይከፍል፣ አቅራቢው እርጥብ ቡና ቢያመጣለት የሚደንቅ አይሆንም። ሽልማትም ዋጋ ነው፤ ዋጋ ደግሞ የሚቀርበውን ዕቃ ጠባይ ይወስናል።

አንዳንድ ወገኖች፣ በመኪና ዘመን ለፈረስ መድከም ምን ይጠቅማል ይሉ ይሆናል። ኢትዮጵያ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች ያሏት አገር ናት፤ በብዙ ከተሞችም ጋሪ እየጎተቱ ዕቃና ሰው የሚያመላልሱ እነርሱ ናቸው። ለትርዒት የሠለጠነ ወጣት ለጋሪ ፈረስም የሚጠቅም እውቀት ይዞ ይመለሳል። ከዚህም በላይ ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፈ ወዲህ ሐረርን ለማየት የሚመጣ እንግዳ አለ፤ እንግዳውም ባደረ ቍጥር ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱና ሱቁ ይጠቀማሉ። ሌሎች ደግሞ፣ ግልቢያ ከአባት የሚወረስ እንጂ በአሠልጣኝ የሚማሩት አይደለም ይላሉ። ይህ አነጋገር ከፊሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን አባትየው ፈረስ ያልነበረው ልጅ ከማን ይውረስ? አሠልጣኝ የሚያስፈልገው አባቶች የሚያውቁትን ለመሻር ሳይሆን፣ እነርሱ ሳያልፉ እውቀታቸውን ተቀብሎ ለብዙዎች ለማዳረስ ነው።

ስለሆነም ለአንባቢዎቻችን የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለፈረስ ትርዒት እርዳታ የተጠየቀ ነጋዴ ከሚሰጠው ገንዘብ ግማሹ ለሥልጠና፣ ለክትባትና ለኮቴ ሥራ እንዲውል በጽሑፍ ይወስን፤ ሂሳቡንም ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ከ100 ነጥብ ውስጥ 40 ለፈረሱ ጤንነትና ንጽሕና፣ 30 ለፈረሰኛው አመራር፣ 30 ለግልቢያውና ለጉግሱ ይሰጥ፤ ዳኞቹም ነጥቡን በአደባባይ ያንብቡ። ሦስተኛ፣ አስመጪዎች የራስ መከላከያ ቁርና የኮቴ መከርከሚያ መሣሪያ በመጠነኛ ትርፍ ቢያቀርቡ፣ የቆዳ ሠራተኞቻችን ደግሞ በልክ የተሠራ ኮርቻ ቢያዘጋጁ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። አራተኛ፣ ከአሸናፊው ፈረሰኛ ጎን አሠልጣኙም ወደ መድረክ ተጠርቶ ይሸለም፤ ስሙ የማይጠራ ባለሙያ ተተኪ አያገኝምና።

ይህን ለማድረግ የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ ቀን ድንኳንና ድግስ የሚበልጥ አይመስለንም። በሐኪም ጋራ ግርጌ አሥር ወጣቶች አሥር ፈረሶችን ይዘው ለሦስት ወር በአንድ አሠልጣኝ ሥር ቢውሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከአሥሩ አንዱ ሌሎች አሥር ሊያስተምር ይችላል። ፈረስ መጋላ የቀድሞውን ገበያ መልሶ አያገኝ ይሆናል፤ ፈረስን የሚያውቅ ሰው ግን ሊያገኝ ይችላል። የንግድ ሰው ይህን ጕዳይ እንደ ምጽዋት ሳይሆን፣ ፍሬው ዘግይቶ እንደሚሰበሰብ ተክል ቈጥሮ ዛሬውኑ እንዲያስብበት አደራ እንላለን።